የፈረስ ዓይን፦ የብዙ ባለሙያዎች ሥራ

አንደኛ አቅራቢ፦ ፈረስን ከሚያሳውሩ ሕመሞች ቀዳሚው እየተመላለሰ የሚመጣ የዓይን ውስጥ ብግነት ነው። ዓይኑ ይቀላል፣ ያነባል፣ ብርሃን ይሸሻል፤ ብሌኑም ይጠባል። ሕመሙ ጋብ ብሎ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ጠባሳ ይተዋል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ቀድሞ የሚደርሰው የፈረስ ሐኪሙ ነው። መጀመሪያ ፍሎረሲን የተባለ ቀለም ዓይኑ ላይ ያንጠባጥባል፤ ኮርኒያው፣ ማለትም ጥርት ያለው የዓይኑ የፊት ሽፋን፣ ከቆሰለ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ብግነት ለማብረድ የሚሰጠውን ስቴሮይድ ቁስል ላይ ማድረግ ዓይኑን ሊያጠፋ ስለሚችል ይህ ምርመራ አይዘለልም። ከዚያ ብሌኑ አትሮፒን በተባለ መድኃኒት ይሰፋል፤ ብግነቱም በሌላ መድኃኒት ይበርዳል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ሕመሙ ከተደጋገመ የዓይን ስፔሻሊስቱና ላቦራቶሪው ይገባሉ። ከዓይኑ ፈሳሽ ናሙና ተወስዶ ሌፕቶስፓይራ የተባለው ባክቴሪያ ይፈለጋል። ባክቴሪያው ከተገኘ፣ በጀርመን በተስፋፋው ቀዶ ሕክምና በዓይን ኳሱ ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ይወጣል። በአሜሪካ ደግሞ ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት ቀስ በቀስ የሚለቅ ቅንጣት ከዓይኑ ነጭ ሽፋን ሥር ይቀበራል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የትኛው ሕክምና ለየትኛው ፈረስ እንደሚበጅ የሚለየው ባለሙያዎች ውጤታቸውን ሲያነጻጽሩ ነው። የአፓሉሳ ዝርያ በተለይ ተጋላጭ ስለሆነ የዘረመል ተመራማሪም ያስፈልጋል፤ ለቀዶ ሕክምናው የማደንዘዣ ሐኪም፣ ለዕለት ክትትሉ ደግሞ ጠብታውን በሰዓቱ የሚያደርግ ባለቤት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የሚከፍለው ፈረሱ ነው፤ የጠፋ ብርሃን አይመለስምና።