«ለሁሉም ነፃ» የሚለው በር
በማኅበራችን የአባላትና የደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ካርድ ነው። እዚህ ቦስተን፣ ኮፕሊ አደባባይ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ1895 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከበሩ በላይ «ለሁሉም ነፃ» የሚል ጽሑፍ በድንጋይ ተቀርጿል። ብዙዎቻችን ወደ ሥራ ስንመላለስ ለዓመታት በዚያ በር አልፈናል፤ ጽሑፉ እኛንም እንደሚጨምር ግን አላሰብንም ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሱት ልጆቻችን ናቸው። የክፍል ጓደኞቻቸው በእረፍት ስላዩት ሙዚየም ሲያወሩ የእኛዎቹ ዝም ይላሉ። «እማዬ፣ እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ሲሉን መልሳችን «ገንዘብ የለም» ነበር። ውሸት አልነበረም። የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ለአንድ አዋቂ ብቻ ከ20 ዶላር በላይ ያስከፍላል።

አንድ ቀን ከመካከላችን አንዷ ልጇን የቤት ሥራ ልታሠራ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። በዚያው በመጽሐፍ መዋሻ ካርድ የሙዚየምና የአትክልት ሥፍራ መግቢያ ፓስም መዋስ እንደሚቻል ሰማች። ማመን አቃተን።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድን ዕለት አፈርን። ስድስት ሆነን ሄድን፤ ፓሱ የሚያገለግለው ለሁለት ሰው ብቻ ኖሯል። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ሳናነብ ነው የሄድነው። ልጆቹ እንዳያለቅሱ በኦሬንጅ ላይን ባቡር እስከ ፎረስት ሂልስ ወሰድናቸው፤ አርኖልድ የዛፎች አትክልት ሥፍራ ያለ ምንም ክፍያ ገብተን ዳቧችንን ከዛፍ ሥር በላን። ያ ቀን ሁለት ነገር አስተማረን፦ አንደኛ፣ ፓስ የማያስፈልገውም ቦታ አለ። ሁለተኛ፣ ፓስ ከመያዝ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ እህቶች፣ ይህን ያዙልን። በየከተማው ያለው ቤተ መጻሕፍት የራሱ ደንብ አለው፤ በምትኖሩበት ከተማ ጀምሩ። አንዳንዱ ፓስ በነፃ ያስገባል፣ አንዳንዱ ዋጋ ይቀንሳል። አንዳንዱ ታትሞ የሚያዝ ነው፣ አንዳንዱ ተወስዶ የሚመለስ። ለስንት ሰው እንደሆነና የልጆች ዕድሜ እንዴት እንደሚቆጠር ጠይቁ። የቅዳሜና የእሑድ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ቀን አስይዙ። የምግብ ድጋፍ ካርድ ያላችሁም፣ ያንኑ ካርድ በማሳየት ብቻ ዋጋ የሚቀንሱላችሁ ሙዚየሞች በማሳቹሴትስ ብዙ ናቸው። «ብዘገይ ቅጣት ይመጣብኛል» ብላችሁ የምትፈሩም አላችሁ፤ የቦስተን ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ማዘግያ ቅጣትን በ2021 አስቀርቷል።

በሁለተኛው ጉዟችን ተዘጋጅተን ሄድን። ከሱዳን ጀበል ባርካል የመጣውን፣ ከሦስት ሜትር በላይ የሚረዝመውን የኑቢያ ንጉሥ የአስፔልታን ሐውልት አየን። አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙና «ይሄማ ጎረቤታችን ነው፤ የእኛው ዓባይ ያሳደገው!» አሉ። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ጥያቄያቸውን ለእርሳቸው አደረጉ። ለትምህርት ቤት ደብዳቤ ሁልጊዜ ልጅ የሚያስነብቡ እናት፣ ያን ቀን አስተማሪ ሆኑ።

የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፤ ለልጆች ጉዞ ከሰጣችሁን ገንዘብ ለትኬት የያዝነውን ወደ ሌላ እንድናዞረው ፍቀዱልን። ትኬቱን ካርዱ ይሸፍነዋል። የጎደለን የባቡር መሳፈሪያና፣ እሑድ ተረኛ ለሆነች እናት ልጆቿን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ገንዘቡ እዚያ ላይ ቢውል ብዙ ልጆች ይደርሳቸዋል።

እናንተም እህቶች፣ ካርድ ያላት አንዲት ካርድ የሌላትን እጇን ይዛ ትውሰዳት። እንግሊዝኛው ቢያስቸግር አብረን እንጠይቃለን፤ ለብቻ የሚያስፈራ በር ለሁለት ይቀላል።