ባዶ መልስ የሚመልስ መጠይቅ

በኤክስኤምኤል የመረጃ ቋት ውስጥ እጅግ አስቸጋሪው ነገር የስህተት መልእክት ሳይሆን ባዶ መልስ ነው። የኤክስኩዌሪ ሞጁላችን ያለ እንከን ቢሠራ፣ ሰነዱም የስኪማ ፍተሻውን ቢያልፍ እንኳ «ካዛንቺስ» ብለን ስንፈልግ «ካሳንቺስ» ተብሎ የተጻፈው መዝገብ አይወጣም። ስኪማ መዋቅርን እንጂ ፊደልን አያርምም። በ2017 ዓ.ም. ብዙ ቤቶቹ በኮሪደር ልማት ለፈረሱበት ሰፈር «መዝገብ የለም» ማለት ቀላል ቃል አይደለም።

አስቀድመን ኔምስፔሱ መታወጁን እንይ፤ እርሱ ከተዘነጋ መጠይቁ ድምፁን አጥፍቶ ባዶ ይመልሳል። ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላትን እንመርምር፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በመጠይቁም በመዝገቡም በኩል በትራንስሌት ፈንክሽን ወደ አንድ ማምጣት ይቻላል፤ የሰነዱ ጽሑፍ ግን ሳይነካ ይቆይ። «ቂርቆስ» እና «ቄርቆስ» ሞክሼ ስላልሆኑ በዚህ መንገድ አይፈቱም። ለቦታው አንድ መለያ ሰጥቶ አጻጻፎቹን ሁሉ በሥሩ መመዝገብ ይሻላል፤ በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የብራና መጻሕፍት ፕሮጀክት «ቤተ መጻሕፍት»ም ቦታዎችን በመለያ ይይዛል።