የበጋን ፀሐይ ለክረምት ማኖር



በዛሬው ንግግሬ ላመለክታችሁ ያሰብሁት ቤትን በፀሐይ ኃይል ማሞቅና ማቀዝቀዝ ለአየርና ለምድር የሚያስገኘውን ጥቅም፥ የሚያስከትለውንም ዕዳ ነው። ምሳሌ የሚሆነን በካናዳ፥ በአልበርታ ክፍለ ሀገር፥ ከካልጋሪ በስተ ደቡብ በምትገኘው በኦኮቶክስ የተሠራው ድሬክ ላንዲንግ የተባለው መንደር ነው።

በዚያ አገር የክረምቱ ብርድ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ፀሐይ ደግሞ ሙቀቷን አብዝታ የምትሰጠው ማንም በማይሻው በበጋ ነው። መሐንዲሶቹ ለዚህ ያገኙት መላ የሚያስደንቅ ነው። በ52 ቤቶች ጋራዦች ጣራ ላይ 800 የፀሐይ ሙቀት መሰብሰቢያዎች ዘረጉ፤ 37 ሜትር የሚጠልቁ 144 ጠባብ ጉድጓዶችም አስቆፍረው በጋውን ሁሉ ትኩስ ውሃ በቧንቧ እያዞሩ መሬቱን አሞቁት። በበጋው መጨረሻ የመሬቱ ሙቀት እስከ 80 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ክረምት ሲገባ ያው ሙቀት ወደየቤቱ ይመለሳል። ሥራው በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተጀመረ፤ ከ2015 እስከ 2016 በነበረውም ክረምት ቤቶቹ በፀሐይ ብቻ ሞቁ።

ከእያንዳንዱ ቤት የሚወጣው አየርን የሚያሞቅ ጋዝ በዓመት 5 ቶን ያህል ይቀንሳል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ይሁን እንጂ ሒሳቡ በዚህ አያልቅም። ውሃውን የሚያዞሩት ፓምፖች የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው፤ የአልበርታ ኤሌክትሪክ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ነበር። መዳቡም መስተዋቱም ያለ ጭስ አልተሠሩም። ይህን ዕዳ መሣሪያው ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ይከፍለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ሁሉ ትርፍ ነው።

ስለ ማቀዝቀዝም እንዲሁ ነው። በፀሐይ ሙቀት እየሠራ ቤት የሚያበርድ መሣሪያ አለ፤ በብዙዎቹ ውስጥ የሚያቀዝቅዘው ውሃ ነው። በተለመዱት ማቀዝቀዣዎች ያለው ጋዝ ግን ሾልኮ ሲወጣ፥ ብዙውን ጊዜ በክብደት ከሚተካከለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ አየርን ያሞቃል። የፀሐዩ መሣሪያ በበኩሉ ሙቀቱን በትነት ለማስወገድ ብዙ ውሃ ይፈጃል፤ ውሃ በሚያንስበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ድሬክ ላንዲንግ ልመልሳችሁ። ስለ አየር ንጽሕና የሚከራከሩ ሰዎች ስለ መለዋወጫ ዕቃ ሲናገሩ እምብዛም አይሰማም፤ እኔ ግን ዋናው ነገር እርሱ ይመስለኛል። ከ17 ዓመት ግድም በኋላ መሣሪያዎቹ አረጁ፤ መለዋወጫ ማግኘትም አስቸጋሪ ሆነ። በ2024 ሥራው እንዲቆም ተወሰነ፤ ቤቶቹም በየራሳቸው በተፈጥሮ ጋዝ ወደሚነድ ማሞቂያ ተዛወሩ።