ሐይቁ ሲሸሽ፣ ሐይቁ ሲመለስ

ዛሬ የምናወጋው ከይፋግና ከወረታ በታች፣ በጣና ዳር ስላለው ኑሮ ነው።

ጣና በዓመት ውስጥ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። «ታዲያ ይቺ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። በገደል አጠገብ ቢሆን ምንም አልነበረም። የፎገራ ምድር ግን እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ውሃው ትንሽ ሲወርድ ሰፊ መሬት ለቆ ይሄዳል። ይህን መሬት ሰዉ «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። በበጋ ከብቱ ለሣር ይወርድበታል፤ በእርጥበቱ ሽንብራና ጓያ ይዘራበታል። (ጓያ ሲዘወተር እግር ያሽመደምዳልና ተጠንቀቁ።) ዓሣ አጥማጁም ጎጆውን ወደ ውሃው ጠጋ አድርጎ ይሠራል።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ርብና ጉማራ ይሞላሉ፤ ሐይቁም ይመለሳል። ሰዉ ልጁን፣ ከብቱንና እህሉን ይዞ ወደ ደረቁ ይወጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ውሃው ከልማዱ አለፈና እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ ቀበሌዎች ተጥለቀለቁ። ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቀለ። ቀድሞ መውጣት እንግዲህ ፍርሃት አይባልም።

በክረምት ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ብቻ ነው እንዴ? ዓሣውም ይወጣል! ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን አሥራ አምስት ያህሉ ዓይነት ከጣና በቀር በዓለም የትም የለም። ከነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ መስከረም እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይገባሉ። ሴቷ ሆዷ ሞልቶ ስትመጣ በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቃታል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚጨምርም አለ፤ ይኼስ ጫጩቱንም ይፈጃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የዚህ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አጥኚዎች ጽፈዋል።

ይህን የምለው አጥማጁን ልወቅስ አይደለም። በዚያ ወቅት ጎተራው ባዶ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ልጅ ደብተር ይፈልጋል። አባት በሐይቁ ዳር፣ እናት በቤት ሆነው ለየብቻ ይጨነቃሉ። ስለዚህ ምክሩ በበጋ ይጀመር። ቆሮሶው በደህና በሚሸጥበት ጊዜ ገቢውን በየሳምንቱ ጻፉ፤ ከእሱም ለሐምሌና ለነሐሴ የሚሆን ለዩ። ባል በሐይቁ ዳር ከዋለ፣ ደብተሩ በሚስት እጅ ይሁን፤ ቤቱን የምታውቀው እሷ ነች። መረብ በዱቤ ከወሰዳችሁም ቀኑንና ብሩን ጽፋችሁ፣ እዚያው ነጋዴው ፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።