ከማደስ በፊት ማንበብ
የጥንት ሥዕልና ሐውልት የሚጠኑባቸው ዘዴዎች
(በእጃጂ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ሥዕልና ስለ ሐውልት ምን አገባው የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ ቢነሣ አያስደንቅም። መልሴ አጭር ነው፤ ያገባዋል። የጥንት ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲያፈስ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ መሠረቱ ሲሰምጥ የሚጠራው የእኛ ሙያ ነው። ከአምቦ እስከ ጉደር፣ ከጌዶ እስከ እጃጂ ክረምቱ የበረታ ነውና ጥገና የማይሻ አሮጌ ሕንፃ ማግኘት ያስቸግራል። ግድግዳው እንጂ በላዩ ያለው ሥዕል አይመለከተንም ብለን ካለፍን፣ በአንድ ቀን ልስን የመቶ ዓመታትን ምስክርነት እናጠፋለን። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት አንድን ሥራ ሲመረምሩ የሚያነሡአቸው ጥያቄዎች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ከምን ተሠራ? በማን እጅና በየትኛው ዘመን ተሠራ? ምን ይናገራል? ለማንና ለምን ተሠራ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ለእኛ ሙያ የቀረበ ነው፤ ቁሳቁስን ይመለከታልና። ቀለም ራሱ የዘመን ምስክር ነው። ለምሳሌ ሰው ሠራሹ የአልትራማሪን ሰማያዊ በፈረንሳይ አገር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1828 ገደማ ነው። ስለዚህ ይህ ቀለም የታየበት ንብር ከዚያ ዓመት ሊቀድም አይችልም። ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አዲሱ ቀለም በኋላ ዘመን በአሮጌው ሥዕል ላይ የተደረበ ሊሆን ይችላል። ናሙናው ከየትኛው ቦታና ከየትኛው ንብር እንደ ተወሰደ ካልተመዘገበ ውጤቱ ያሳስታል። በዓድዋ አቅራቢያ የሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌል ታሪክ የዚህን ዘዴ ኃይል ያሳያል። ቀደም ሲል በሥዕሎቹ ዘይቤ ላይ የተመሠረቱ ሊቃውንት ዘመኑን ወደ 11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ያወርዱት ነበር። ከብራናው የተገኙ ጥቃቅን ቁራጮች በኦክስፎርድ በካርቦን ዘዴ በተመረመሩ ጊዜ ግን፣ ብራናው እ.ኤ.አ. ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታወቀ። የብራናው ዕድሜ በራሱ የሥዕሉ ዕድሜ ባይሆንም፣ ክርክሩን ሁሉ ከመሠረቱ ለውጦታል።

ሁለተኛው ዘዴ የእጅን ጠባይ ማጥናት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆቫኒ ሞሬሊ የተባለው ጣሊያናዊ፣ ሠዓሊ ማንነቱን የሚገልጸው በዋናው ነገር ሳይሆን ሳያስብ በሚሥለው ጆሮና ጣት ነው ሲል አስተማረ። በአገራችንም ይህን የመሰለ ጥናት ተካሂዷል። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኝ የእንጨት ሥዕል ላይ ያለው ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የኖረውን የፍሬ ጽዮንን ስም ጠብቆልናል። ሊቃውንት ከዚህ ከታወቀ ሥራ ተነሥተው የፊቱን ቅርፅ፣ የልብሱን እጥፋትና የጣቶቹን አሣሣል በማነጻጸር፣ ስም ያልተጻፈባቸውን ሌሎች ሥዕሎች ለእርሱ ወይም ለተከታዮቹ ሰጥተዋል። መነሻው አንድ የስም ጽሑፍ መሆኑን ልብ በሉ፤ ያ ጽሑፍ በኖራ ተሸፍኖ ቢሆን ኖሮ የጥናቱ ሰንሰለት ሁሉ መያዣ ባልነበረው።

የጎንደር ዘመን ሥዕል በሁለት መከፈሉም ከዚሁ ዓይነት ንጽጽር የተገኘ ነው። በፊተኛው ዘይቤ ቀለሙ ደማቅ፣ መደቡ ዝርግ ነው፤ በኋለኛው ግን ፊት በጥላ ይሞላል፣ መደቡም ከቀለም ወደ ቀለም ቀስ እያለ ያልፋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ትርጓሜን ይመለከታል። ኤርዊን ፓኖፍስኪ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው መጽሐፉ ትርጓሜን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፤ በመጀመሪያ የሚታየውን መግለጽ፣ ቀጥሎ የተሣለውን ታሪክ ማወቅ፣ በመጨረሻም ያ ዘመንና ያ ሕዝብ ስለ ዓለም የነበራቸውን አስተሳሰብ መረዳት። ምስለ ፍቁር ወልዳን እንውሰድ። የሚታየው ልጅ የታቀፈች ሴት ናት። ታሪኩን የሚያውቅ እመቤታችንና ልጇ መሆናቸውን ይረዳል። እጆቿን አነባብራ፣ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛ ስትታይ ደግሞ ሊቃውንት በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ጥንታዊ ሥዕል ያስታውሳሉ። የዚያ ሥዕል ቅጂዎች በኢየሱሳውያን እጅ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ኢየሱሳውያኑ ከአገር ከወጡ በኋላም የእኛ ሠዓሊዎች አርአያውን አልጣሉትም፤ በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው ፊት መልሰው የኢትዮጵያ አደረጉት። እንዲህ ያለው ምርምር ሥዕል ከውጭ መጣ ብሎ አያቆምም፤ የመጣውን ምን አደረጉት ብሎ ይጠይቃል።

በዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም የወገን ጦር በሙሉ ፊት፣ የጠላት ጦር በግማሽ ፊት ሲሣል፣ ከላይም ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲታይ በብዛት እናገኛለን። ይህን የአሣሣል ችሎታ ማነስ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ቋንቋውን ሳያውቅ መጽሐፉን የሚተች ነው።

አራተኛው ጥያቄ ሥራውን ከቦታውና ካሠራው ሰው ጋር ያያይዘዋል። በጣና ደቅ ደሴት በምትገኘው በናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ሲማፀኑ ተሥለዋል። ይህ ሥዕል ጸሎት ነው፤ የሥልጣን መግለጫም ነው፤ ዘመንን የሚወስን ማስረጃም ነው። ሰይፍ የመዘዙ መላእክት በመቅደስ በር ላይ የሚሣሉትም በሩን እንዲጠብቁ ነው። ሥዕሉ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ቢሰቀል ቀለሙ ይድናል፤ ከንግግሩ ግን እኩሌታው ይቀራል።

ስለ ድንጋይ ሥራም የምንለው ይኸው ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጢያ 36 ትክል ድንጋዮች ሲኖሩ፣ ከእነዚህ 32ቱ የሰይፍና የሌሎች ምልክቶች ቅርፅ አላቸው። ድንጋዩን ብቻ የሚመለከት ሰው ስለ ሰይፎቹ የፈለገውን ሊገምት ይችላል። ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክት መሆናቸው የተረጋገጠው ግን መሬቱ በሥርዓት ተቆፍሮ የሙታን አጽም ሲገኝ ነው። ከቦታው የተነሣ ሐውልት አንደበቱን የተነጠቀ ምስክር ነው።

ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱ ብቻውን አይበቃም። ቁሳቁስ ያለ ዘይቤ፣ ዘይቤ ያለ ጽሑፍ፣ ትርጓሜም ያለ ቦታ ያሳስታል። አራቱ ሲስማሙ እናምናለን፤ ሲቃረኑ እንደ ገና እንመረምራለን። ይህ በሙያችን ከምናውቀው የፍተሻ ሥርዓት የተለየ አይደለም።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? አስቀድሞ፣ መዶሻ ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ ከነመለኪያው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ጽሑፍ ያለበት ስፍራ ሁሉ በፕላን ላይ ይመልከት። ቀጥሎ፣ ከሥዕሉ በፊት የጣራው ፍሳሽና የግቢው ውኃ መውረጃ ይታረም፤ ብዙውን ጊዜ የሥዕል ጠላት እርጥበት ነውና። ሦስተኛ፣ የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ አንለስን፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ የታፈነውም እርጥበት በሥዕሉ በኩል ሲወጣ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈውን ያላቅቀዋል፣ በልስን ላይ የተሣለውንም ያረግፈዋል። አራተኛ፣ የደበዘዘውን እናድምቅ የሚል ቀለም ቀቢ አይቅረብ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የቅርስ ጥገና በቅድሚያ ፈቃድ እንዲከናወን መደንገጉንም አንርሳ።

ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸው አምሮ ለማየት መመኘታቸው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡንም የሚያዋጡት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ከካህናቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀድሞ መመካከር የሥራው አንድ ክፍል እንጂ ትርፍ አይደለም። ሥዕሉ ምን እንደሚል ሲነገራቸው፣ ከማንም በላይ የሚጠብቁት እነርሱው ይሆናሉ።