ሁለት ቋንቋ ከሚያውቁ ልጆች የተገኘ ትምህርት
(የማኅበሩ ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



በትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ንባብ ሳስጠና ከልጆቹ የተማርኩትን ባጭሩ ላሰማችሁ።

ከኛ ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲኬድ ቲሊሊ ላይ አገውኛ ይሰማል፤ ባለቤቶቹ አውንጊ ይሉታል። ከዚያ ወገን መጥተው እዘመድ ቤት ተቀምጠው የሚማሩ ልጆች አሉ። ክፍል ውስጥ ዝም ሲሉ «አይገባቸውም» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሂሳቡን ባገውኛ አስበው፣ መልሱን ወዳማርኛ መልሰው ነው የሚናገሩት። ሁለት ሥራ ነውና ጊዜ ይፈልጋል።

አንዲቱን ልጅ «ቤት በናንተ ምን ይባላል?» አልኳት። «ጝን» አለች። ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ነው፤ ፊደሉም «ገ»ን ይመስላል እንጂ ሌላ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ጓደኞቿ እንደሷ ለማለት ሲታገሉ አስተማሪዋ እሷ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ባማርኛ ለመጠየቅም አላፈረችም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር የደረሰው፣ ሰው አፍ በፈታበት ቋንቋ ቶሎ ስለሚገባው ነው። አገውኛ ያኔ ከ15ቱ አልነበረም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ግን በአዊ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብቷል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በጓደኛው አነጋገር የሚያላግጥ ልጅ ቢኖር ወላጁ ይገሥጸው። ሁለተኛ፣ የዘመድ ልጅ የምታሳድጉ፣ «አገውኛሽን ተይው» አትበሉ፤ አንዱ ቋንቋ ሌላውን አያባርርም። ሦስተኛ፣ አገውኛ የምትችሉ ከኛ ጋር እየመጣችሁ ልጆቹን አስረዱልን። መመዝገብ የምትፈልጉ እኔ ዘንድ ኑ።