ትምህርት ቤቱ፣ ማኅበሩና እድሩ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ክረምት በገባ ቁጥር በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ግቢ የሚታይ ነገር አለ። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ችግኝ በመኪና ጭኖ ይመጣል። ተማሪዎች ይሰለፋሉ፣ ይተከላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። መስከረም ላይ ተማሪው ሲመለስ ግማሹን ከብት በልቶታል፣ ሌላውን አረም ውጦታል። ከዚያ የተረፈውም ጥር ላይ ውኃ የሚያጠጣው አጥቶ ይደርቃል። በዓመቱ ለዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ይመጣል። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይደለም፤ የድርጅቱም በጎ ፈቃድ የሚያጠራጥር አይደለም። የጠፋው ከተከላው በፊትና በኋላ ያለውን ሥራ የሚረከብ ባለቤት ነው።

የትምህርት ዘመኑ ከመስከረም እስከ ሰኔ ሲሆን ዋናው ተከላ ግን ሐምሌ ላይ ነው። በመሆኑም ለተማሪው የሚስማማው ሥራ ከመትከል ይልቅ ማፍላት ነው። የግራቪሊያ ዘር ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መደብ ላይ ተዘርቶ፣ ቡቃያው ወደ ፕላስቲክ ተዛውሮ፣ ውኃና ጥላ ሳይጓደልበት ከቆየ ክረምቱ ሲገባ ለተከላ ይደርሳል። አፈሩ የአካባቢ አፈር፣ ብስባሽና አሸዋ በ3፡2፡1 መጠን ተቀላቅሎ ይዘጋጃል። እዚህ ላይ የሒሳብ መምህሩም የሳይንስ መምህሩም ሥራ ያገኛሉ። ከተዘራው መቶ ፍሬ ስንቱ በቀለ? ያልበቀለውስ ለምን ቀረ? ተማሪው ይህን በደብተሩ ከጻፈ በሰሌዳ ላይ ብቻ ከተማረው የበለጠ ያስታውሰዋል።

ማኅበሩ በበኩሉ ፕላስቲክ፣ አካፋና የውኃ ማጠጫ ያቀርባል፤ የደረሰውንም ችግኝ በተስማሙበት ዋጋ ገዝቶ ለአባላቱ ያከፋፍላል። ይህ ግዢ ከስጦታ ይሻላል። ስጦታ አንድ ቀን ይቆማል፤ የችግኝ ሽያጭ ግን ለትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ሆኖ ጠመኔና መጽሐፍ ይገዛል። የበጎ አድራጎት ድርጅቱ አቅም ከችግኝ ይልቅ ውኃ ቢያስገባ፣ በተለይም ለሴት ተማሪዎች በር ያለው የተለየ መጸዳጃ ቤት ቢሠራ ጥቅሙ ይሰፋል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሙያውን ያሳያሉ። ክረምቱን መጠበቅ ደግሞ የእድሩ ነው። እድር ማን ለቀብር እንደመጣና ማን እንደቀረ ስም ጠርቶ ያውቃል፤ የቀረውን ይቀጣል። ይህን ሥርዓት ለአጥር ጥበቃ ተረኛ ማዋል አዲስ ደንብ መጻፍ አይጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ተረቱ ግን ሎሚውን ቆጥሮ የሚረከበው ማን እንደሆነ አይናገርም።

በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጁን አውጥቶ "የእኔ የትርፍ ድርሻ ለምን ለትምህርት ቤት ይሆናል?" ብሎ የሚጠይቅ አባል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሊቆጡትም አይገባም። ገንዘቡ የአባላት ነው። ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ አሁን ደግሞ እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሊቀ መንበሩ ከርእሰ መምህሩ ጋር ቡና እየጠጣ የሚወስነው ጉዳይ አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1988 ዓ.ም. ማንቸስተር ላይ ባጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች ውስጥ አምስተኛው ትምህርትና ሥልጠና፣ ሰባተኛው ለአካባቢው ኅብረተሰብ ማሰብ ነው። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየን አባላት በፍትሐዊ ንግድ ከሸጡት ቡና የሚገኘውን ተጨማሪ ክፍያ ለትምህርት ቤትና ለጤና ተቋም ግንባታ አውለዋል። ዩኒየኑን ለዓለም ያስተዋወቀው በ1998 ዓ.ም. የወጣው "ብላክ ጎልድ" የተሰኘው ፊልምም ገበሬዎቹ ስለ ትምህርት ቤታቸው ሲመክሩ ያሳያል። እዚያም ነገሩ የተጀመረው በስብሰባ ነው።

ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ሌላ ነገር አለ፤ ተማሪ የነጻ ጉልበት አይደለም። ኅዳር ላይ ቤተሰብ ለአጨዳ ልጁን ከክፍል እያስቀረ፣ ማኅበሩ ለመጋዘን ድንጋይ ካሸከመው፣ ድርጅቱም ለእንግዳ አቀባበል ፀሐይ ላይ ካቆመው አገልግሎት የሚለው ስም አይገባውም። የሥራው ሰዓት ከትምህርት ክፍለ ጊዜ ውጪ፣ አጭርና የታወቀ መሆን አለበት፤ ሰዓቱንም የሚወስነው የወላጅ መምህር ኅብረት ይሁን። ልጆች ማስተማርም እንደሚችሉ አገሪቱ ታውቃለች። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማሪዎች ለትልልቅ ሰዎች ፊደል አስቆጥረዋል። ዛሬም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት ማንበብ ለማይችሉ አባላት የማኅበሩን የሒሳብ ሪፖርት ቢያነብላቸው ከችግኙ የማይተናነስ አገልግሎት ነው። አንዳንድ ሒሳብ ሹም ላይወደው ይችላል።

ስምምነቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ኅዳር ሳይገባም መፈረም አለበት። ርእሰ መምህሩ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የእድሩ ዳኛና የድርጅቱ ተወካይ ይፈርሙበታል፤ ቀበሌው አንድ ቅጂ ይይዛል። ወረቀቱ ላይ ዓላማና ራዕይ በሰፊው ባይጻፍም ችግር የለም። የመሣሪያ ክፍሉ ቁልፍ በሐምሌና በነሐሴ በማን እጅ እንደሚቆይ ግን በስም ይጻፍ።